አፏን የከፈተች አስራ ዘጠኝ

የጋራዡን መሣሪያ ቤትና ቢሮ የሚለያቸው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ፣ ወንድሟ ስልክ ሲያወራ ላለመስማት ብትፈልግም አትችልም። መሣሪያ ቤቱን በያዘችበት አስራ ሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ሰምታለች፤ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር፣ ከሚስቱ ጋር ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲነጋገር፣ አንዳንዴም ብቻውን ሲያጉረመርም። የሰማችውን እዚያው ትታ መውጣት ለምዳለች። ሐሙስ ጠዋት ግን መፍቻዎቹን በየሚስማራቸው እየሰቀለች ሳለ፣ «እጀታውን ለማርዘም ቧንቧ ሰክቶበት ነው እንጂ መፍቻውማ ደህና ነበር። ስንቴ ተነግሮታል! የራሱ ግዴለሽነት ነው» ሲል ሰማችው። የወዲያኛውን ሰው ካዳመጠ በኋላ ደግሞ፣ «አዎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ፤ ቃሌን እሰጣለሁ» አለ። በእጇ የነበረውን የአስራ አራት መፍቻ የአስራ ሦስቱ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም።

በጋራዡ ውስጥ «እትዬ ሚሊ» ነው የሚሏት፤ ሚሊሜትር ለማለት ነው። ብሎን ይዘውላት ሲመጡ ሳትለካ፣ በዓይኗ ብቻ አይታ «አስራ ሰባት ነው» ትላለች፤ አስራ ሰባትም ይሆናል። አንድ ጊዜ ሊፈትኗት ብለው ከልብስ ስፌት መኪና የተፈታች የብሎን ዳዶ ቢያመጡላት፣ «ይቺ ከእኛ ቤት አይደለችም፤ የማንን ሚስት ሥራ አስፈታችሁ?» ብላ አስቃቸዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በወንድሟ ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ወንድሟ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ሲሞት እሷ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ደብተር የገዛላት፣ ጫማዋን ያስጠገነላት፣ በኋላም ወግ ማዕረግ ያሳያት እሱ ነው። እናም «ወንድም ጋሼ» ስትለው የአፍ ልማድ ብቻ አይደለም።

በስልኩ የተነሳው ሰው «ቀስ በል» የሚባለው መካኒክ ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሌላው ሞተር ሲያወርድ፣ ክሪክ ሲያነሳ፣ ጎማ ሲያሽከረክር ባየ ቁጥር «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ስለሚል። ማክሰኞ ዕለት ከጭነት መኪና ሥር ተኝቶ የባሌስትራ ብሎን ሲፈታ፣ የአስራ ዘጠኝ መፍቻው ከብሎኑ አመለጠና ቀኝ እጁ ከመኪናው ሻንሲ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ፤ የአንደኛው ጅማትም ተበጠሰ። አሁን ከመንግሥት ቢሮ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መጥታ ቃል ልትቀበል ነው። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ከተባለ ጋራዡ እስኪድን ያሳክመዋል፣ ደመወዙም አይቋረጥም፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል። ግዴለሽነት ነው ከተባለ ደግሞ ሰውየው ከነእጁ ቤቱ ይቀመጣል ማለት ነው።

ወንድሟ ከቢሮው ወጥቶ በመሣሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሸሚዙን ዛሬ አስተኩሶታል። ስልኩን ሰምታው እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ገንዘብ የያዘ ፖስታ ሰጣትና፣ ተቆጣጣሪዋ ከመምጣቷ በፊት አዲስ መሣሪያ ሚስማሩ ላይ እንዲታይ እንደሚፈልግ ነገራት። «ባለፈው ከገዛሁበት ሱቅ ሂጂና ያንን መቶ ስምንት ፍሬ ያለውን አምጪ። ግድግዳው ይሙላ» አለ። ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ተመለሰ። «ያንን ብረት ደግሞ አጥፊልኝ። ስትሄጂ የሆነ ቦታ ጣይው።»

«እሺ» አለች። የትኛውን ብረት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የማክሰኞውን መፍቻ በጋዜጣ ጠቅልላ ከቦርሳዋ ሥር ከተተችው። ከመደርደሪያው ላይ ደግሞ ሦስት አዳዲስ ብሎኖች፣ የአስራ ሦስት፣ የአስራ ሰባትና የአስራ ዘጠኝ፣ መርጣ በመሐረብ ቋጠረች። መፍቻ ልትገዛ ስትሄድ ብሎን ሳትይዝ መሄድ፣ ለእሷ እግር ሳይዙ ጫማ መለካት ነው።

የመሣሪያ ሱቆቹ ያሉት ከጋራዡ ሁለት ፌርማታ ርቆ፣ በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ደጃፋቸው ላይ ሰንሰለት፣ የጎማ ቱቦ፣ የሥራ ጓንት ተንጠልጥሏል። ወንድሟ ሂጂ ያላት ሱቅ መስታወት ላይ በቀይ ቀለም «መቶ ስምንት ፍሬ ሙሉ ሴት በታላቅ ቅናሽ» የሚል ተለጥፏል። ሴት የሚሉት ስብስቡን ነው፤ እሷ ግን ባነበበችው ቁጥር መቶ ስምንት ቦታ ተቆራርጣ በቅናሽ የምትሸጥ ሴት ትታያታለች። ሻጩ አፈ ለስላሳ ጎልማሳ ነው፤ ሳትጠይቀው ጥቁሩን የፕላስቲክ ሣጥን አውርዶ ከፈተላት። ሁሉም ነገር በየጎድጓዳው ተኝቶ ያብረቀርቃል፤ ሣጥኑ ራሱ የጌጥ ሱቅ ይመስላል።

«የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው፣ እትዬ» አላት።

«የማን ዕድሜ? የኔ ነው የመፍቻው?»

ሳቀ። እሷ መሐረቧን ፈታች። የአስራ ሰባቱን መፍቻ አንስታ በአስራ ሰባቱ ብሎን ላይ አስገብታ ወዲያ ወዲህ ነቀነቀችው፤ ይጫወታል። የአስራ ዘጠኙ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ቁጥሮቹ ብረቱ ላይ የተመቱ ሳይሆኑ በቀለም የተጻፉ ናቸው፤ በአውራ ጣቷ ስታሻሸው ከአስራ ሰባት ላይ ሰባቱ ደበዘዘ። ቀለበት የሆነውን ጫፍ ወደ ብርሃን ይዛ በውስጡ ስታይ፣ ከላይ ያለው ንጣፍ ከአሁኑ መላጥ ጀምሯል፤ ግድግዳውም በአንድ ወገን ይሳሳል፣ በሌላው ይወፍራል። ፒንሳውን ገጥማ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው፤ በሁለቱ ጥርሶች መሐል መንገዱ ታየ፤ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ ሲያልፍም ጭምር። ካቻቢቴውን ከእጀታው ሳብ ብታደርገው ብረቱ ትንሽ ዞረ። ሻጩ ማውራቱን ተወ። እሷም አንድ በአንድ ወደየጎድጓዳቸው መለሰቻቸው፤ ሲወጡ እንደነበሩት አድርጋ። ሣጥኑን ራሷ ዘጋችው። ይሄ ነው ግድግዳ የሚሞላው፤ ባለፈውም የሞላው ይኸው ነው።

ከመንገዱ መጨረሻ፣ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ሱቅ አለ። መስታወት የለውም፣ ማስታወቂያም የለውም። ባለቤቱ ከአውቶቡስ ድርጅት በጡረታ የወጣ ሽማግሌ መካኒክ ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባንኮኒው ላይ ጋዜጣ ያነባል። እሷ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የመጣችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ወንድሟ «ውድ ነው» ብሎ መልሷታል። ሽማግሌው ብሎኖቹን ስትዘረግፍ አይቶ ጋዜጣውን አጠፈ። እንደዚህ የሚመጣ ገበያተኛ ብዙም የሚገጥመው አይመስልም።

የሰጣት የአስራ ሰባት መፍቻ ደብዛዛ ነው፤ አያብረቀርቅም። ብሎኑ ላይ ስታስገባው ግን ሄዶ ቁጭ አለ፤ ብትነቀንቀው ብሎኑና መፍቻው አንድ ላይ ነው የሚነቃነቁት። ሽማግሌው በዝግታ፣ ጥያቄዋን ሳይጠብቅ ያብራራላታል። ጥሩ መፍቻ ብረቱ ግሎ የተቀጠቀጠ ነው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አይደለም። ቁጥሩ ተመትቶ የገባ ነው፣ በቀለም አይጻፍም። አንገቱ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፤ የማይረባው ወፍሮ ሰው ያታልላል። ብሎኑን ከላይ የሚከድነውን ቡሽላ ሲመርጡ ለዛገ ብሎን ስድስት ማዕዘን ያለው ይሻላል፤ አስራ ሁለት ጥርስ ያለው ለመሰካት ይፈጥናል፣ የብሎኑን ጠርዝ ግን ይበላል። የቡሽላውን እጀታ አንስቶ ጆሮዋ አጠገብ አዞረላት፤ እንደ ሰዓት ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ አለው። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ እጀታ ጠባብ ቦታ ላይ ትንሽ ብቻ ተንቀሳቅሶ ይይዛል፤ ጥርሱ ሻካራው ግን ሰፊ ቦታ ካላገኘ ዝም ብሎ ይመላለሳል። «ሰው መቶ ፍሬ ይገዛና በአስራ አምስቱ ይሠራል» አለ። «ሌላው ሣጥኑን ለማክበድ ነው።»

ዋጋውን ነገራት። በፖስታው ውስጥ ባለው ገንዘብ ከመቶ ስምንት ፍሬ ሠላሳ አንዱን ብቻ ነው የሚሰጣት። እሷም ከቦርሳዋ ሥር ጋዜጣውን አውጥታ ባንኮኒው ላይ ፈታችው።

ሽማግሌው መነጽሩን አደረገ። የአስራ ዘጠኙን መፍቻ አገላብጦ አየው፤ አፉን በካሊፐር ለካው፤ «ሃያ ተኩል ሊሆን ምን ቀረው» አለ። በአንደኛው መንጋጋ ሥር ያለውን ስንጥቅ በብርሃን እያየ በጥፍሩ ፈቀፈቀው። ውስጡ ግራጫና እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ያለ ነው። «የፈሰሰ ብረት ነው። ሰው የተጎዳበት ነው እንዴ?»

«ሁለት ጣት» አለች። «ቧንቧ ሰክቶበት ነው ይላሉ።»

ሽማግሌው መፍቻውን ገለበጠና የእጀታውን ጫፍ አሳያት። ቧንቧ የገባበት እጀታ ዙሪያውን ይጫራል፣ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይተዋል፤ የሰው ጉልበት ሲጨመርበት ደግሞ መጀመሪያ የሚጎብጠው አንገቱ ነው። ይሄኛው እጀታ ከዘይት በቀር ምንም የለበትም፤ አንገቱም ቀጥ ያለ ነው። «ይቺ ቧንቧ አይታ አታውቅም» አለ። ጋዜጣውን መልሶ መጠቅለል ከጀመረ በኋላ እንደ ዘበት አከለ፤ «ግን ልጄ፣ አፍ በአንድ ቀን እንዲህ አይከፈትም። ይቺ ስትከፈት ነው የቆየችው። የሆነ ሰው ያውቅ ነበር።»

እሷ የሠላሳ አንዱን ዕቃ ስም እየጠራች ማስቆጠር ቀጠለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። የሚያውቀው ሰው እሷ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ቀን፣ ቀስ በል ይህንኑ መፍቻ በመስኮቷ አቀብሏት፣ «እትዬ ሚሊ፣ ይቺ አስራ ዘጠኝ አፏን እየከፈተች ነው፤ ቀስ ብላ እንዳትነክሰን» ብሏት ነበር። ተቀበለችው፣ ለካችው፤ እሱ እንዳለው አፉ ተከፍቷል። በኮምፔንሳቶው ዞራ ለወንድሟ አሳየችው። እሱም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ይቺን ወር እንለፋት» አላት። ተመልሳ ከሁሉም ራቅ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ማክሰኞ ዕለት ሌሎቹ አስራ ዘጠኞች በሙሉ ሥራ ላይ ነበሩ፤ የጭነት መኪናው ባለቤት ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጮሃል፤ ቀስ በል ከመኪናው ሥር እጁን ዘርግቶ «አስራ ዘጠኝ» አለ፣ የትኛውን እንደሆነ ሳያይ። እሷ ሄዳ ያንኑ መፍቻ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ይኸው ነው የሆነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ሙሉ ይህንን ነገር ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ከዳር እስከ ዳር አላሰበችውም ነበር።

ሠላሳ አንዱን ዕቃ በሸራ ቦርሳ ከትታ ስትወጣ ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም። ወደ ጋራዡ የሚሄደውን ታክሲ አሳለፈችና በሌላኛው ተሳፈረች። የቀስ በልን ቤት አንድ ጊዜ ልጁ ሲወለድ መጥታ ታውቀዋለች፤ በረጅም ግድግዳ ጀርባ ከተደረደሩት ቤቶች አራተኛው ነው። በሩ ክፍት ነበር። ሚስቱ መስኮቱ ሥር የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ አጠገቧ ሰማያዊ አንገትጌዎች ተቆልለዋል። እሱ አልጋው ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ የተጠቀለለ ቀኝ እጁን ትራስ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። እንዳያት ሊነሳ ሞከረ።

«ኧረ ተው፣ በሞቴ!» ብላ በፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሸራውን ቦርሳ በእግሮቿ መሐል አስቀመጠች። ሚስቱ ሰላም ብላት ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እትዬ ሚሊ ስለ ሕመሙ ጠየቀችው፤ ሌሊት እንደሚጠዘጥዘው፣ ቀን ደህና እንደሆነ ነገራት። ስለ ጭነት መኪናው ጠየቃት፤ ማን እንደጨረሰው ነገረችው። ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናው ብቻ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። ግድግዳው ላይ ባለ መደርደሪያ አንድ ሬዲዮ፣ ሁለት የመድኃኒት ጠርሙስና በላስቲክ የታሰሩ እርሳሶች አሉ። ቀስ በል ግራ እጁን ዘርግቶ የሸራውን ቦርሳ አፍ ገለጥ አደረገ። አንዱን መፍቻ ሳብ አድርጎ በመዳፉ መዘነው፤ ግራ እጁ ስላልለመደው ሳይሆን አይቀርም፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ መዘነው።

«እሱ ነው እንዲህ ያለውን ያስገዛሽ?» አላት።

«አያውቅም።»

ፈገግ ብሎ መፍቻውን ወደ ቦርሳው መለሰው። እሷ ወደመጣችበት ጉዳይ ገባች። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች። መፍቻውን ማን ሰጠህ ብለው ጠይቀውሃል?»

«ሐኪም ቤት ቅጽ ሲሞሉ ጠይቀውኛል። ራሴ ከሚስማሩ አንስቼ ነው አልኩ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሚስቱ ሳትዞር፣ «ለምን እንደዛ እንዳልክ ንገራት እንጂ» አለች።

«ተይ አንቺ።»

«እሷ በሰውየው ግቢ ነው የምትኖረው፣ ከዚያ ብትወጣ የት ትገባለች ይለኛል።» ሴትየዋ የያዘችውን አንገትጌ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እኛስ የት እንገባለን ብዬ ስጠይቀው እጁን ያያል።» ቁጣ አልነበረባትም፤ የነገሩን ልክ እንደምትነግር ሰው ነው የተናገረችው። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጥሳ መርፌው ላይ ሌላ ክር ማስገባት ጀመረች።

እትዬ ሚሊ ዓይኗን ወደ ሸራው ቦርሳ መለሰች። ቀስ በል ሻይ እንድትጠጣ ለመናት፤ ጠጣች። ብርጭቆው ትኩስ ስለነበረ ለመጨረስ ጊዜ ወሰደባት፤ ማንም አላቻኮላትም። ስትወጣ ሚስቱ በሩ ድረስ ሸኘቻትና የቦርሳውን አንድ ጆሮ ይዛ እስከ ግድግዳው ጥግ አብራት ተሸከመች። ሲለያዩ «ከብዷል» ብቻ አለቻት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋራዡ ደረሰች። ወንድሟ መሣሪያ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ግድግዳውን ሲያይ አገኘችው። አሮጌዎቹን መፍቻዎች አውርዳ አዲሶቹን ከቦርሳው አንድ በአንድ እያወጣች መስቀል ጀመረች፤ ከስምንት እስከ ሃያ አራት ያሉትን መፍቻዎች፣ ከሥራቸው ስድስት ማዕዘን ቡሽላዎቹን፣ እጀታውን፣ ሁለት ፒንሳ፣ አራት ካቻቢቴ። ሲያልቅ ግድግዳው ገና ግማሹ ባዶ ነው፤ ድሮ የተሰቀሉት መፍቻዎች ቅርጽ በአቧራው ላይ ታትሞ ቀርቷል።

«መቶ ስምንት ነበር ያልኩሽ።»

«ሠላሳ አንድ ነው።»

«ገንዘቡስ?»

«አልቋል።»

ወንድሟ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጋራዡን ከመክፈቱ በፊት እሱም ከመኪና ሥር አስራ አምስት ዓመት ተኝቷል፤ ያንን ዘመን ግን ማንሳት አይወድም። እጁን ሰድዶ አዲሱን አስራ ዘጠኝ ከሚስማሩ አወረደ፤ በመዳፉ አስተኝቶ ክብደቱን ለካ፣ አፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ባንኮኒው ላይ ካለው መሐረብ የአስራ ዘጠኙን ብሎን አንስቶ ገጠመው። ነቀነቀው። ደግሞ ነቀነቀው። ከዚያም የጣቱን አሻራ በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ መልሶ ሰቀለው። በዚያች ሰዓት ዘበኛው ከበሩ ተጣራ፤ ተቆጣጣሪዋ ቀድማ መጥታለች።

ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ አጭር ጸጉር ያላት ሴት ናት። ቢሮው ውስጥ ከወንድሟ ፊት ለፊት ተቀምጣ ቅጹን ዘረጋች። እትዬ ሚሊ በኮምፔንሳቶው ወዲህ ቆማ ሰማች። ወንድሟ ጠዋት በስልክ ያለውን ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል ደገመው፤ ቧንቧውን፣ ምክሩን፣ ግዴለሽነቱን። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ ቀስ በልን በስሙ ሳይሆን «ሠራተኛው» እያለ ነው የሚጠራው። ሴትየዋ ሁሉንም ጽፋ፣ «መፍቻውን ማየት እችላለሁ?» አለችው። «ተጥሏል» አለ። «እንግዲህ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለች።

እትዬ ሚሊ በሩን አንኳኩታ ገባች። ወንድሟ በዚያ ቢሮ በር ላይ ስታንኳኳ ሰምቷት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ዝም ብላ ነው የምትገባው። የተጠቀለለውን ጋዜጣ በቅጹ አጠገብ አስቀመጠችና ፈታችው። «አልተጣለም» አለች። «ቧንቧም አልገባበትም። ጫፉን ይዩት፣ ምንም ጭረት የለውም። አፉ ነው የተከፈተው፤ ብረቱ ከመጀመሪያውም የማይረባ ነው።» ተቆጣጣሪዋ መፍቻውን በወረቀት ይዛ አገላበጠችው። ወንድሟ ወደ መፍቻው አላየም፤ የሚያየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የራሱን እጅ ነው።

«ሠራተኛው ራሱ አነሳሁት ብሏል» አለች ሴትየዋ።

«አላነሳም። ያቀበልኩት እኔ ነኝ። የመሣሪያ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። አፉ መከፈቱን አውቅ ነበር፤ እሱ ራሱ አምጥቶ አሳይቶኛል። ማክሰኞ ሌላ ስላልነበረ ሰጠሁት።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«ለድርጅቱ ባለቤት ነግረሽ ነበር?»

እትዬ ሚሊ ወንድሟን አየችው። ከውጭ አንድ ሰው ሞተር አስነሳ፤ ጥቂት አጓርቶ ጠፋ። ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች፤ ጥያቄውን ሁለተኛ ጊዜ ደገመችው። እትዬ ሚሊ፣ «ከጥፋቱ የኔን ድርሻ ነግሬያለሁ» አለች። ሴትየዋ ትንሽ አየቻትና አዲስ ወረቀት አወጣች። «እሺ። የምስክር ቃል ብዬ እይዘዋለሁ። ሙሉ ስም?»

ስሟን ነገረቻት። ከዚያ የአባቷን ስም፣ ከዚያ የአያቷን። ተቆጣጣሪዋ የመጀመሪያውን ጻፈች፣ ሁለተኛውንም ጻፈች፣ ሦስተኛው ላይ ብዕሯ ቆመ። ወደ መጀመሪያው ቅጽ ዞራ የባለቤቱን ስም አነበበች፤ ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተች። ቀና ብላም ሁለቱን ሰዎች አየቻቸው። «ምኑ ነሽ?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ግን ከመልካቸው ያገኘችው ይመስላል። «ይህ ቃል በእሱ ላይ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? የምትኖሪውስ የት ነው?»

እትዬ ሚሊ የምትመልሰውን ስታስብ ወንድሟ ተንቀሳቀሰ። እፊቱ ያለውን፣ ሊፈርምበት የነበረውን ቅጽ፣ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ሴትየዋ መልሶ ገፋው። ፊቱ ላይ የተለየ ነገር አይታይም፤ ጆሮዎቹ ብቻ ቀልተዋል።

«እህቴ ናት» አለ። «የምትኖረው እኔ ጋ ነው። እዚያው ትኖራለች።»

ተቆጣጣሪዋ ይህንን ልጻፈው አልጻፈው እያለች ስታመነታ፣ ወንድሟ ቀጠለ፤ ሲናገር እህቱን አይደለም የሚያየው፣ ሴትየዋንም አይደለም፤ ከነጋዜጣው የተቀመጠውን መፍቻ ነው።

«የጠየቅሻትን እኔ ልመልስልሽ። ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት። ሰኞ ቀን።»

ሴትየዋ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ «የሠራተኛው ግዴለሽነት» የሚለውን መስመር በአንድ ቀጥ ያለ ጭረት ሰረዘችው፤ ከጎኑም ፊርማዋን አኖረች። «ምን ብለው መለሱላት?» አለችው። ወንድሟ ቀና አለ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሳ፤ ወንበሩን አዙሮ ወደ እህቱ አስጠጋላትና ራሱ ቆሞ፣ «‹ይቺን ወር እንለፋት› ነው ያልኳት» ብሎ ለተቆጣጣሪዋ ቃል በቃል ነገራት።